ከፒያሳ እስከ ቦንጋ በብስክሌት፦ ጊቤንና ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ጫካው

ጫካና ወንዝ ወዳለበት ገጠር በብስክሌት ለመሄድ ያሰበ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብስክሌቱ ነው። ስንት ማርሽ አለው፣ የየት አገር ሥሪት ነው፣ ስንት ኪሎ ይመዝናል። ጉዞውን የሚያሳምረውም ሆነ የሚያበላሸው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጊቤ በረሃ ስንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ?

ይህ መመሪያ የሚከተለው የጅማን መስመር ነው። ከፒያሳ ተነስቶ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ ያልፋል፤ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ ይገባል፤ ከጅማ ወዲያ ጎጀብን አቋርጦ ከፋ ውስጥ ቦንጋ ላይ ያበቃል። በድምሩ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ እዚህም እዚያም ይቦረቦር እንጂ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይህን መስመር ከሌሎቹ የማስበልጥበት ምክንያት አለኝ። ወደፊት በሄዱ ቁጥር አገሩ እየለመለመ ይሄዳል፣ ማደሪያ ያላቸው ከተሞች ብዙ አይራራቁም፣ አውቶቡስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያልፋል። የደከመው ሰው እጁን ዘርግቶ መሳፈር ይችላል።

1. ወቅቱን መምረጥ

አዲስ አበባ ላይ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል። በዚህ ተታልላችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ አትውጡ። ጅማና ከፋ ዝናባቸው ረጅም ነው፤ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለብስክሌት የሚሆነው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ነው። ከዚያም ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ፤ ቡና የሚለቀምበት ወር ስለሆነ የጫካው ኑሮ በሙሉ ወደ መንገድ ዳር ይወጣል።

ይህ ወቅት በአብዛኛው በጾመ ነቢያት ላይ ይውላል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ድረስ በየትንንሹ ከተማ በቀላሉ የምታገኙት ሽሮ፣ ምስርና በያይነቱ ነው። ቅር አይበላችሁ፤ ክትፎ በልቶ አቀበት የወጣ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ከሶኮሩ ወዲያ ደግሞ ሙስሊሙ የሚበዛበት አገር ነውና ጉዞው በረመዳን ላይ ከዋለ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ይሆናል፤ ስንቃችሁን በዚያው ልክ አስቡ።

2. የመንገዱን ከፍታ በአእምሮ መያዝ

ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ቁልቁለትና አቀበቱን አጥኑ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ 2,000 ሜትርን በጥቂት ያልፋል፤ ወልቂጤ 1,900 አካባቢ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ መሬቱ ይሰምጥና የጊቤ ድልድይ ላይ ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። የወረዳችሁትን ወዲያው ትከፍላላችሁ፤ ከድልድዩ ማዶ እስከ አበልቲና ከዚያም ወዲያ ያለው አቀበት የዚህ ጉዞ ትልቁ ፈተና ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጅማና በቦንጋ መካከል ጎጀብ ይኸንኑ መውረድና መውጣት በትንሹ ይደግመዋል።

ጊቤም ጎጀብም ውሃቸውን ለኦሞ ይገብራሉ፤ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ከወልቂጤ ወዲያ የምትሻገሯቸው ወንዞች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ማለት ነው። አዋሽ ብቻ መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱን በመጀመሪያው ቀን በበቾ ሜዳ ላይ ትሻገሩታላችሁ።

3. ብስክሌቱን ማዘጋጀት

መመዘኛው አንድ ነው፦ የገጠር ጎሚስታ ሊጠግነው የማይችለውን ነገር ይዛችሁ አትውጡ። ዘይት የሚገፋው ፍሬን ከተማ ውስጥ ግሩም ነው፤ ሶኮሩ ላይ ዘይቱ ቢያፈስ ግን የሚነካው አታገኙም። በሽቦ የሚሠራ ፍሬን ይሻላል። ባለ 26 ኢንች ጎማ ያለው ያገለገለ የተራራ ብስክሌት፣ ክፈፉ ብረት ከሆነ፣ ለዚህ መንገድ ከአዲሱና ከቀላሉ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይበልጣል። ብረት ቢሰበር የትኛውም በያጅ ያያይዘዋል።

የውስጥ ጎማው የመንፊያ አፍ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነው ይሁን። ቀጭኑን ይዛችሁ ከሄዳችሁ የጎሚስታው መንፊያ አይገጥምላችሁም። ጎማው ከ40 ሚሊ ሜትር ባይሳሳ ጥሩ ነው። የፊት ትንሹ ማርሽ ባለ 22 ወይም ባለ 24 ጥርስ፣ የኋላ ትልቁ ባለ 34 ጥርስ ቢሆን ለአበልቲ አቀበት ታመሰግኑኛላችሁ።

የኋላውን ቸርኬ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ በአንድ መርምሩ። ብስክሌቱን ገልብጡና ሽቦዎቹን በጣት እንደ ክራር ምቷቸው። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ይንኮሻኮሻል። ጭነት ሲበዛ መጀመሪያ የሚበጠሰው የላላው ጎረቤት የሆነ ሽቦ ነውና ባለሙያ አስጠብቁ። የኩሽኔታዎቹንም ቅባት በዚያው አስለውጡ።

ለመለዋወጫ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ልጣፊና ማጣበቂያ፣ አንድ የፍሬን ሽቦ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ ሰንሰለት መፍቻ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎችና አነስተኛ መንፊያ ይበቃል።

4. ጓዝና ስንቅ

ጓዛችሁ ውሃን ሳይጨምር ከ12 ኪሎ አይለፍ። ድንኳን አትያዙ። ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ ነገር ግን በዚህ መስመር በየከተማው አልጋ እያለ በማያውቁት ማሳ ዳር ድንኳን መትከል ለባለ እርሻውም ለእናንተም ጭንቀት ነው። ይልቅ የራሳችሁን አንሶላና አጎበር ያዙ። ወልቂጤን ካለፋችሁ በኋላ የወባ አገር ነው።

ቦርሳውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። መርካቶ የጭነት ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች ልኩን ወስደው በኋላ መደርደሪያው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ጥንድ ቦርሳ ይሠሩላችኋል። ክብደቱ ወደ ታች ይውረድ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። የመደርደሪያውን ብሎኖች በየምሽቱ አጥብቁ፤ መንገዱ በየቀኑ ያላላቸዋል።

ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም። በግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ በጥብጡ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ በሶው ሲዘቅጥ ጠባቡን አፍ ይደፍነዋል። ከመጠጣታችሁ በፊትም ደጋግማችሁ ናጡት። ጭኮም ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል። ቆሎ ለእረፍት ጊዜ እንጂ ለአቀበት አይሆንም፤ እያለከለኩ ቆሎ መቆርጠም ትን ያስብላል። ከመድኃኒት ቤት ጥቂት ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ግዙ፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል። ቆላ ውስጥ ላብ ሲሟጠጥ ብዙ ይጠቅማል።

5. ሰውነትን ማለማመድ

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለድፍረት ጥሩ ናቸው። ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያካሂደው «መንገድ ለሰው» ቀንም መኪና በሌለበት ጎዳና መለማመድ ይቻላል። ለጊቤ ግን ይህ አይበቃም። ፈተናው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው አቀበት ነው፤ እሱንም ሙሉ ጓዛችሁን ጭናችሁ ውጡት። ባዶ ብስክሌት ይዞ መውጣት ስለ ጉዞው ምንም አያስተምርም።

ከዚያ ሁለት ተከታታይ ቀን የሚወስድ አጭር ጉዞ አድርጉ። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ለዚህ የተመቸ ነው፤ በሰበታም በሆለታም በኩል ይገባል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ተተከለ የሚባልለት ይህ ደን የሐበሻ ጽዱና ዝግባው ዓይን ያጠግባል። ዋናው ትርፍ ግን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ የሚሰማችሁ ነው። ያን ጠዋት መቀጠል ካስጠላችሁ የኮርቻውን ከፍታና ቦታ አስተካክሉ፤ ጅማ ላይ ከማስተካከል አሁን ይሻላል።

6. ወረቀትና የጸጥታ ሁኔታ

መታወቂያ ያዙ። የብስክሌቱን ደረሰኝ ወይም ፎቶ ኮፒውን አብራችሁ ያዙ፤ ኬላ ላይ «የማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለ።

በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ መንገዶች ላይ የጸጥታ ችግር ሲያጋጥም ቆይቷል፤ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ስለዚህ ከመነሻው ሦስት ቀን በፊትና በዋዜማው ጠይቁ። ወሬ የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱት የአውቶቡስ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። በየምታድሩበት ከተማም የነገውን መንገድ ከፖሊስ ጣቢያ ጠይቁ። «ዛሬ ባትሄዱ» ከተባለ አትከራከሩ፤ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጫኑና ያንን ክፍል ዝለሉት። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሦስት ወይም አራት ሰው መልካም ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ማደሪያችሁ ውስጥ ሁኑ። ለአምቡላንስ 907 በስልካችሁ ይመዝገብ፤ ጥሬ ገንዘብም ከቴሌብር ጎን ለጎን ይኑራችሁ።

7. መንገዱ፣ ቀን በቀን

*አንደኛው ቀን፣ ከፒያሳ ወሊሶ።* 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ ከተማው ገና ያልነቃበት ሰዓት ያ ብቻ ነው። ፒያሳ የአገሪቱ መንገዶች ርቀት የሚለካበት ዜሮ ኪሎ ሜትር ናትና ከዚያ መጀመር ሒሳቡንም ያቀላል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና ወደ ዓለም ገና ትወጣላችሁ። ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ የሚገነጠለው የቡታጅራ መንገድ ነው፤ እናንተ ወደ ሰበታ ቀጥሉ። እስከ ሰበታ ያለው የጭነት መኪና ብዛት የመስመሩ ሁሉ መጥፎ ክፍል ነው፤ አንድ በአንድ ተሰልፋችሁ ዳሩን ይዛችሁ እለፉት።

ከዚያ በኋላ የበቾ ሜዳ ይከፈታል። የጤፍና የሽምብራ አገር ነው። ሜዳው ያዘናጋል፤ ጉልበታችሁን እዚህ አትጨርሱ። ቱሉ ቦሎ 80ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ እዚያው እደሩ። ወሊሶ የገባ ሰው በፍል ውሃዋ እግሩን ያፍታታል፤ ዛፎቿ ላይ ጉሬዛ አይጠፋም።

የልጆችን ነገር እዚህ ላይ ላንሳው። ኮፍያና መነጽር ያደረገ ብስክሌተኛ ሲያዩ እየጮሁ የሚሮጡ፣ አንዳንዴም ድንጋይ የሚያነሱ ልጆች ያጋጥማሉ። መፍጠን ያባብሰዋል። ከሩቁ ቀዝቀዝ በሉ፣ መነጽሩን አንሱ፣ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ከሰበታ ጀምሮ በአብዛኛው መንገድ «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት በር ይከፍታል። ሽማግሌ ካያችሁ ደግሞ ቆማችሁ ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሉ፤ አባት የመረቀውን ሰው ልጅ አይወረውርበትም። ውሻ ሲያባርራችሁ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጋችሁ በዝግታ ተራመዱ፤ የሚያሯሩጠውን ያጣ ውሻ ብዙም አይከተልም።

*ሁለተኛው ቀን፣ ወሊሶ–ወልቂጤ።* ከ45 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ትደርሳላችሁ። ያኔ ከመካከላችሁ አንዱ «ገና ጊዜ አለ፣ ጊቤን ዛሬ እንጨርሰው» ይላል። እምቢ በሉት። በሰባት ሰዓት ጸሐይ ጊቤ መውረድ ማለት አቀበቱን በዘጠኝ ሰዓት ሙቀት መጀመር ማለት ነው። ወልቂጤ ላይ ቆጮ ብሉ፣ ብስክሌቱን ፈትሹ፣ ተኙ። አልጋ ስትይዙ ብስክሌቱ ክፍላችሁ ውስጥ እንደሚያድር ከክፍያው በፊት ተስማሙ።

*ሦስተኛው ቀን፣ የጊቤ ቀን።* በ12 ሰዓት ተነሱ። እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ይያዝ። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ አትልበሱ፤ ሸለቆው ከብት በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው ቆላ ዝንብ ያለበት ነው፤ ዝንቡን እነዚህ ቀለሞች ይስቡታል። ዝንቡን ለመያዝ የሚተከለው ወጥመድም የሚሠራው በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ ነው።

ቁልቁለቱ 800 ሜትር ያህል ያወርዳል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨቁኖ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ጭነት ሲኖር ደግሞ የውስጥ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። መካከል ላይ ሁለት ጊዜ ቆማችሁ ቸርኬውን በእጅ ጀርባ ፈትሹ፤ የሚያቃጥል ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። ለማረፍ ከአስፋልቱ ስትወጡ ብስክሌቱን ተሸከሙት፤ ዳር ዳሩ የግራር እሾህ ነው።

እሾህ ጎማ ከበሳ የውስጥ ጎማውን ከመቀየራችሁ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሱት፤ የተሰካው እሾህ ጨርቁን ይይዛል። ሳታወጡት አዲሱን ብትገጥሙ ከመቶ ሜትር በኋላ ያንኑ ሥራ ትደግማላችሁ።

ድልድዩ ጋ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ግቡ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃ ካለ አስፈቅዱ። ወንዙ ጉማሬ ያለበት ነውና ለመታጠብም ሆነ ለመዋኘት አትውረዱ። በሶ ጠጡና በሦስት ሰዓት አቀበቱን ጀምሩ። ትንሹን ማርሽ አስገቡ፤ ማውራት እስኪያቅት ድረስ አትግፉ። በግማሽ ሰዓት አንዴ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ መግፋት ካስፈለገ ግፉ፣ ነውር የለውም። የመኪና ጀርባ ይዞ መጎተትን ግን አትሞክሩት። ማደሪያው ሳጃ ወይም ሶኮሩ ነው፤ ጉልበቱ ያለቀበት ከዚያ ቀድሞ ባገኘው ከተማ ይደር።

*አራተኛው ቀን፣ ሶኮሩ–ጅማ።* 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍ ዝቅ የሚል ለምለም መንገድ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጊልገል ጊቤ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ በዚህ አካባቢ ነው። አሰንዳቦና ሰርቦ የምሳና የሻይ ማረፊያ ይሆናሉ። በዚህ ወቅት ገበሬው በቆሎና ቡና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያሰጣል። ዙሩት እንጂ አትርገጡት፤ የዓመት ልፋቱ ነው።

ጅማ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ። ከአዲስ አበባ ወዲህ መለዋወጫ የምታገኙባት የተሻለች ከተማ እሷ ናት። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በባጃጅ ብትሄዱ እግራችሁ ይደሰታል።

*ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን፣ ጅማ–ሸቤ–ቦንጋ።* ሁለቱም ቀን በየግማሽ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሳጥሬ የከፈልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ይህን ክፍል የሚሮጥበት ሰው ለምን እንደመጣ አይገባኝም። ሰቃን አልፋችሁ በለጠ የሚባለው ደን ውስጥ ስትገቡ ቀረሮው፣ ብሳናውና ዋንዛው አስፋልቱን ከላይ ይጋርዱታል። ከሥራቸው ቡና አለ፤ በቀይ ፍሬ የተጫነ ቅርንጫፍ እስከ መንገዱ ይደርሳል። የሚለቅሙትን ቁማችሁ «በርቱ» በሏቸው፤ ፍሬውን ግን ሳያስፈቅዱ መቀንጠስ አይገባም። የጫካ ቡና ባለቤት አለው። ጥላው የያዘው እርጥበት ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ያሟልጨዋልና መታጠፊያዎችን በዝግታ ያዙ።

ከሸቤ በማለዳ ተነሱ፤ ጎጀብ ላይም የጊቤው ሕግ ይሠራል። ወንዙን እንደተሻገራችሁ ከፋ ገባችሁ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችትነት የተመዘገበ ሲሆን የክምችቱ ጠቅላላ ስፋት 760 ሺህ ሄክታር ያህላል። ቦንጋ ገብታችሁ ጫካው ውስጥ መሄድ ካሻችሁ የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ፤ ብስክሌቱን ትታችሁ በእግር ሂዱ። የጉሚ ወንዝ የፈለፈለው የእግዚአብሔር ድልድይ የተባለው የተፈጥሮ ድልድይ በዚህ መንገድ ይታያል። ለቤት ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ግዙ፤ የቀለለው ቦርሳ አሁን ቦታ አለው።

8. መመለስ

በብስክሌት ለመመለስ ያሰበ ካለ ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለት ያስብና ከድልድዩ ወዲያ ወልቂጤ ድረስ የሚጠብቀውን አቀበትም ያስብ። ሌላው በአውቶቡስ ይመለሳል። በመመለሻው ዋዜማ ከሰዓት ወደ መናኸሪያ ሂዱና የብስክሌቱን ጭነት ዋጋ ከረዳቱ ጋር ተስማሙ፤ ጠዋት በግርግር መካከል የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ መሪውን አዙሩ፣ ጎማውን በትንሹ አስተንፍሱ። ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፤ ከላዩ ሌላ ዕቃ እንዳይጫን ራሳችሁ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ሲታሰር እዩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጊቤና ጎጀብ እንደነበራችሁ ተናግራችሁ ለወባ ተመርመሩ።